ማን የምትባል ደሴት

ስሟ በኛ ቋንቋ ጥያቄ ነው፤ «ማን» ይሏታል፣
በአየርላንድ ባሕር መሐል ዝናብ ይወቅጣታል።

ራምዚ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ከእሽቅድምድሙ ማግስት፣
ጡረተኛው ፖስተኛ ኢሊያም ጀመረ ሙግት፤
የቢራውን አረፋ ከጢሙ እየጠረገ፦
«የሮጠው ቤንዚን ነው! ሰው ምን አደረገ?
ተቀምጦ መሄድ ስፖርት ከተባለ፣
አውቶቡስ የማትለቅ አክስቴ፣ ሜዳሊያዋ የታለ?»

ቤቱ ሳቀ።

ብሪሻ ጥግ ይዛ ሾርባዋን ታያለች፤
ዳቦ ጋጋሪ ናት፣ ሌሊት ሊጥ ታሻለች።
ግንቦት ሲያልቅ ግን፣
ባለሦስት ጎማው ላይ፣ ወንድሟ ፊንሎ ተንበርክኮ ሲነዳ፣
እሷ ናት ሚዛኑ፣ በየኩርባው የሚከፈል ዕዳ።
ወደ ግራ ሲሆን ከጎን ትዘረጋለች፣
አስፋልቱ ትከሻዋን ሊልስ ጣት ሲቀረው፤
ወደ ቀኝ ሲሆን በጀርባው ላይ ትሻገራለች፣
የካቡ ድንጋይ ከጆሮዋ ሥር ሲያፏጭ እየሰማች።
ወንበር የላት። ቀበቶ የላት።
ሁለት እጀታ፣ አሥር ጣት።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።
ማንኪያውን ያነሣችው ልትበላ ነበር፣ መልስ ልትሰጥ አይደለም፤
ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ።
ወለሉ ላይ ሲንቃጨል ሁሉም ዞሮ አያት።

ኢሊያም ጎንበስ አለ፣ አነሣው፣
በኮቱ ጫፍ ወለወለው፣
በግራ እጇ አስያዛት፣ ቀስ ብሎ፣
የተመዘገበ ደብዳቤ እንደሚያስረክብ ሰው።
«እንግዲህ...» ብሎ ጀመረ፤ መጨረሻው ራቀ፤
ከዚያ ፑል ሊጫወት ዱላውን ነጠቀ፤
ፑል ስፖርት መሆኑን ማንም አልጠየቀ።