የተሳሳተችው ሰባት

ኦስትራቫ ከተማ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
የከሰል ጥቀርሻ በለበሰው ሰማይ፣
ድራሆሚራ አለች። ሰማንያ አልፏታል፤
አጭር ሞገድ ስታስስ ሌት ይነጋባታል።

መጀመሪያ ፉጨት፣ ቀጥሎ ዝምታ፣
ከዚያ የሴት ድምፅ፣ የለው ሰላምታ፤
«አራት፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ ስምንት፣ አንድ» ይላል፤
እንደ ዳዊት ደጋሚ ያንኑ ይደግማል።

የራሷ ድምፅ ነው፤ የወጣት አንደበቷ፣
ገና ሳይሻክር፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ፣
መስኮት አልባ ክፍል ወረቀት ሰጥተዋት፣
«አንብቢ» ብለዋት።
ለማን? አልጠየቀችም።
ጠያቂ ሰው እዚያ ደመወዝ የለውም።

አንድ ምሽት ብቻ፣ ጥቅምት ነው መሰለኝ፣
ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዘጠኝ
ከአፏ ሲወጣ ሰባት ሆኖ ወጣ።
ድካም ይሁን እልህ፣ አታውቅም ከየት እንደመጣ።
ማንም አልተቆጣ።
ያቺ ሰባት ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ
አልጋዋ ውስጥ አደረች።
«ማን ባቡር አመለጠው? የማን በር ተንኳኳ?»
እያለች፣ እያለች።

ዘንድሮ ቪቴክ፣ የልጅ ልጇ፣ ስልኩን ይዞ
አጠገቧ ተቀመጠ፣ ዓይኑ ፈዞ፤
«አያቴ፣ ጉድ እይ! ባለቤት የሌለው ገጽ፣
ቁጥር ብቻ የሚለጥፍ፤
ሰው ሲፈታው ያድራል፤ አንዱ ጦር ነው ሲል
አንዱ ቀልድ ነው ይላል።»

መነጽሯን ጠረገች። በጣቷ ተከተለች፣
አምስት አምስት ሆነው የቆሙትን ቁጥሮች።
አራተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች።
ሰባቷ እዚያው አለች፤
ያልታረመች፣ ያላረጀች፣
አንድ ሰው በጥንቃቄ አስቀምጧት የኖረች።

«ፈታሽው ወይ?» አላት፣ ሳቅ እየቀደመው።
ስልኩን መለሰችለት።
«ተወው፣ ልጄ፤ ቁጥሩን ፈቺ ሞልቷል፤
እኔን ማን ይፍታኝ?»