ግድግዳ ውስጥ ያለ ሽቦ

ረቡዕ ማታ ነበር፣ ውሃ የመጣ 'ለት፤
አራት ፎቅ ጀሪካን ተሸክሜ ሳፋ ሞላሁላት።
ልብሷን ልስብ ብል፣ "አባ፣ እዚህ ጋ አትንካ!"
ሁለት ቀን በዝምታ ስትቃጠል ነበር ውዳሴ ለካ።

ከጀርባዋ ተነስቶ በግራ ጎኗ ዞሮ፣
ውሃ የቋጠረ ሽፍታ እንደ ምስር ተደርድሮ፣
ቀይ መሬት ላይ በቅሎ፣ ክምር ክምር ሠርቶ፣
እምብርቷ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ድንበር አይቶ።
ቀኝ ጎኗ ንጹሕ። አንዲት ነቁጥ የለም።

የመብራት ሠራተኛ ነኝ።
ኮዬ ፈጬ ላይ ስንት ግድግዳ ሰንጥቄ ቱቦ ቀብሬያለሁ፤
ልስኑ ከላይ ሲጠቁር ከሥሩ የተቃጠለውን አውቃለሁ።
ቃጠሎ ክፍሉን አይሞላም፤ ሽቦውን ተከትሎ ይሄዳል።
ግን ልጅ ናት። ልጅ ውስጥ ማን ሽቦ ይቀብራል?

ጎረቤት ሰማ።
እትዬ ወርቅያንሱ "ሸረሪት ሸንቶባት ነው" አሉ።
የታችኛዋ ነፍሰ ጡር ዳማከሴ ይዛ ወጣች፤
"ምች ነው፣ አሽተህ ቀባት" ብላ በር ላይ ቆመች።
የብሎኩ ዘበኛ ጋሽ ፈይሳ ባትሪያቸውን አበሩ፤
"አልማዝ ባለጭራ" አሉ። "ጭራው ዞሮ ከራሱ ከገጠመ…"
ከንፈራቸውን መጠጡ።
"ደግሞ እኮ የትልቅ ሰው ነው። በልጅ ላይ ሲወጣ…"
አልጨረሱትም።
ያላለቀው ዓረፍተ ነገር አብሮኝ ደረጃውን ወጣ።

በስልኬ መብራት ጭራውን ስጠብቅ ነጋ።
ማነው ለእሳት የእንቁ ስም ያወጣ፣
የማን ልጅ ታማ፣ በየትኛው ሌሊት፣ በየትኛው አልጋ?

ሐሙስ ጤና ጣቢያ። ሠላሳ አንደኛ ነበርን።
ሲስተር ፎዚያ ጎንበስ ብላ ጎኗን አየች፤
"ጉድፍ ይዟት ያውቃል?" ብላ ጠየቀች።
"አዎ፣ ጥርስ ሳታበቅል፣ ገና በጡት እያለች።"
"ያው እሱ ነው። ያኔ አልሄደም፤ ነርቯ ሥር ተኝቶ ነበር።"
ገባኝ። ተቋራጩ ኃይል ሳያቋርጥ የለሰነው አሮጌ መስመር።

"ሽሮፑን በቀን አራቴ፤ ሰዓቱ አይለፍባት፤
ሦስት ቀን ሳይሞላው መምጣትህ ጠቀማት።
ለሕመሙ ፓራሲታሞል፤ አስፒሪን እንዳታቀምሳት።
ጥፍሯን ቁረጥ፤ ሰፊ የጥጥ ቀሚስ አልብሳት፤
ቅጠሉን ለባለቤቱ መልስ።
ጭራው ሲገጥም ይገድላል የሚሉት ተረት ነው፤
ዓይኗ አጠገብ ቢወጣ ግን አታሳድር፣ እሱ እውነት ነው።
እስኪደርቅ ሸፍነው፤ ነፍሰ ጡሯም አትቅረባት።"
ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች፦
"ደሟንም እንይ።"

የጋሽ ፈይሳ ዓረፍተ ነገር እዚያ አለቀ።

ላቦራቶሪው በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ።
እናቷ ገላን፣ ፋብሪካ፣ የሌሊት ፈረቃ ላይ ናት፤
ስልኬን አወጣሁ። ምን ብዬ ልንገራት?
መልሼ ኪሴ ከተትኩት።
አጠገባችን አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ ልጅ
እግሩን እያወዛወዘ ውዳሴን ያጫውታታል፤
"እኔ ኪኒን በየቀኑ እወስዳለሁ" ይላታል፣
"ስትለምጂው አይመርም።"

"ነጻ ናት" አለች ሲስተር፣ ወረቀቷን ይዛ።
ልዘል ፈለግሁ።
ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤
ደስታዬን እንደ ትኩስ ድንች ዋጥኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቅርፊቱ አንሶላ ላይ ረገፈ።
"ጭራው የት ሄደ?" አለችኝ ውዳሴ፣ ጎኗን እየዳሰሰች።
"ተኛ" ብዬ ጀመርኩና ተውኩት፤
ጫማዋን ያዘችልኝ፣ አሰርኩላት፣ ትምህርት ቤት ሄደች።

እኔም ሥራ ገባሁ። ብሎክ ሃምሳ ሦስት፣ ሁለተኛ ፎቅ።
ድሪሉን ሰካሁ፤ የቤቱ ባለቤት ቶሎ በል ይለኛል።
ቴስተር አለኝ፣ ፕላኑም ኪሴ ውስጥ አለ፤
እኔ ግን መጀመሪያ ግድግዳውን በመዳፌ ዳበስኩት፣
ሙቀት ያለው ቦታ ካለ።