ምራቂ

ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ባንዲት ጠባብ ክፍል፣
ጎረቤቴ በቢላ ያምባዛ ሆድ ሲከፍል፣
እኔ በመብራት ነው የድንጋይ ሆድ የማይ፤
ሥራችን አንድ ነው፣ ሽታው ነው የሚለይ።

እንየው ከዘጌ መጣ፣ በሐምሌ ዶፍ ተመትቶ፣
የሞተር ጀልባውን ሽጦ፣ በዋጋው ሰንፔር ገዝቶ።
አንዱን በጥጥ ጠቅልሎ፣ ደረት ኪሱ ሸሽጎ፤
አንዱን ከሳንቲሞች ጋር፣ እንደ ጠጠር አድርጎ።

“እሱን ተዪው” አለኝ፤ “ነጋዴው ምራቂ ብሎ
የጣለልኝ ነው፤ ደፍርሷል፣ የክረምት ጣናን መስሎ።
ይህን እዪልኝ፣ ንጹሑን፤ እንከን ፈልጊበት፤
ሦስት ሌሊት ፈልጌ፣ አንድ ነጥብ አጣሁበት።”

እኔም አጣሁ፤ ነጥብ የለም።
ግን መብራቱን ሳጋድመው፣ ታየኝ የውስጡ ቀለም
በቅስት በቅስት ሲሄድ፣ እንደ ድሮ የዘፈን ሸክላ፤
ሁለት አረፋ ከሥሩ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከኋላ።
ተራራ ቅስት አያውቅም፤ ቀጥ ባለ ማዕዘን ያድጋል፤
ይኸኛው የፋብሪካ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይረጋል።

ዝም አልኩ።
ጠጠሩን አነሣሁ።

ውስጡ ሐር ነው፤ መርፌ በመርፌ፣ በሦስት መንገድ የተጋደመ፤
ደፈረሰ ያልነው እሱ ነው፣ ብርሃን እዚያ ላይ የደከመ።
ከዳር ደግሞ ስንጥቅ ነበር፣ ጥንት፣ መሬት ሆድ ሳለ፣
ሐኪም ሳያየው የዳነ፤ የጣት አሻራ የመሰለ።

“ይኸ ሁሉ እንከን?” አለ።
“ይኸ ሁሉ ልደቱ ነው።”

ከዚያ በስፔክትሮስኮፑ ቀዳዳ አስጎንብሼ፣
የማርያም መቀነት አሳየሁት፣ መብራቴን መልሼ፤
ጢስ ዓባይ ላይ የምናውቃት።
ሰማያዊው ጋ ስትደርስ፣ አንድ ክር ጠቁሮ ጎድሏል፤
ብረት ነው የበላው፤ ድንጋዩ በጎደለው ይታወቃል።
የንጹሑ መቀነት ግን እዚያ ላይ ሙሉ ነበረች፤
አንዲት ክር አልጎደለችም።

እንየው፣ ስሙ እንዳለው፣ አየ። ደጋግሞ አየ።
“ጀልባዬስ?” አለኝ።
ለእሱ መሣሪያ የለኝም።

“ምራቂው እሳት ቢገባ፣ ይጠራል ይላሉ፤ እውነት?”
“ይጠራል፤ ሐሩ ይሟሟል፤ ግን ያጣል የሚናገርበት።”

ጥጡን ፈታ። ምራቂውን ቀስ ብሎ ጠቀለለው።
ንጹሑን ጠረጴዛዬ ላይ፣ እንደ ተበላ ሎሚ ተወው።
ከበር ላይ ግን ተመለሰ፤ “ለልጄ መጫወቻ” ብሎ፣
ኪሱ ጨመረው፣ ከሳንቲሙ ጋር ቀላቅሎ።

በሰው ጀልባ ሊሻገር፣ ወደ ወደቡ ሲወርድ፣
ንጹሑ ከሳንቲም ጋር ሲፋጭ ይሰማኛል፤
ጎረቤቴ ቢላውን ይስላል።