ካለቀ አሥራ አንድ ቀኑ

ዱሉዝ ቁልቁለት ናት፣ ሐይቅ ዳር የምታበቃ፤
ፍሬን ለከዳው ሰው አትሆንም ጠበቃ።
ሦስት የሆኪ ልጆች ከነዱላ ጭና
ማርሊስ ቁልቁል ስትል ጮኸች ሚኒቫኗ፤
ብረት ብረት በላ።

ጉናር ከሥር ወጣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣
ዋጋውን ጻፈላት ዓይኑን ዝቅ አድርጎ፤
ለቴስታ ጓርኒሲዮን አራት ሺህ ዶላር፣
ለፍሬኑ ሸራ፣ ለዲስኩ፣ ለካሊፐር
ዘጠኝ መቶ ሃያ።

«ዋስትናውስ?» አለች።
«ካለቀ አሥራ አንድ ቀኑ» አላት በዝግታ።
ሞተሩም ፍሬኑም
ዋሱ ዞር ሲልላቸው ታመሙ በተርታ።

ከአሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ አሰላች፤
የቤቱን ኪራይ፣ የማሞቂያውን ጋዝ፣
የትንሹን ልጅ የጥርስ ሽቦ አሰበች፤
ቦርሳዋን አልከፈተች፤ ባዶውን ታውቀዋለች።

«ሞተሩ ይታገሥ፤ ዘይት እያጠጣሁ አስታምመዋለሁ።
ፍሬኑን ሥራልኝ፤ ነገም በዚያው መንገድ ልጆች ይዤ እወርዳለሁ።
መሄድስ ይገፋል፣ በትከሻም በሰው፤
መቆም ነው ጎረቤት የማያበድረው።»

ጉናር እርሳስ ይዞ ለጥቂት ተከዘ፤
ከዘጠኝ መቶ ሃያው
ሃያውን ሰረዘ።