ፍሬን

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ደሴ ጉም ለብሳ ተኝታ፣
ጦሳ ከነትከሻው ጠፍቶ፣ መንገዱ ጭር ብሎ ላፍታ፤
እዚህ ግን፣ ከመስኮቱ ወዲህ፣
ሌሊት አይመሽም፣ ቀን አይነጋም፤
መብራቱ ዓይኑን አይከድን፣ ማሽኑ አፉን አይዘጋም።

አራት ቁጥር አልጋ ላይ ጋሽ ሙሄ ሐረጎን ይወርዳል፤
ከኦክስጅኑ ጭምብል ስር በላብ ርሶ ያቃስታል፣
ባዶ አየር ጨብጦ መሪ ያጠማዝዛል፤
«ፍሬኑ እምቢ አለ! ልጆች አሉ ከፊት! ዞር በሉ!» ይላል።

ተረኛው ሐኪም ለጋ ነው። «እጁ ይታሰር» አለኝ፣
«ጉሉኮሱን ይነቅላል።» ልክ ነው፤ ትናንትም ነቅሏል።
ግን እጁ የታሰረ ሾፌር
ያን ቁልቁለት እንዴት ይዘልቃል?

ፌስታሉን ፈታሁ፣ ልጁ ሉባባ ማታ የሰጠችኝን፦
መነጽሩን፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን፣ አጣጥፋ የተወችው ሻሽዋን።
መነጽሩን በጋውኔ ጠርጌ አፍንጫው ላይ አኖርሁ፣
ፊቴን ከፊቱ አቅርቤ በቀስታ ነገርሁ፦
«ጋሽ ሙሄ፣ ዘምዘም ነኝ፣ ነርሷ።
ይህ ደሴ ነው፣ ሆስፒታል። ማክሰኞ ሊነጋ ነው።
ሳንባህ ነው የታመመው፤ መኪናህ ደህና ነው፤
ኮምቦልቻ ቆሟል፣ ሉባባ ነግራኛለች፣
ጎማው ስር ድንጋይ አድርጋ ቁልፉን ይዛ ሄዳለች።»

አልሰማም። ሦስቴ ደገምሁት። በአራተኛው
«ድንጋዩ ትልቅ ነው?» አለ።
እኔ አላየሁትም።
«ትልቅ ነው» አልሁት።

ከዚያ ማንቂያውን ዝቅ፣ መብራቱን ግማሽ፣
መነጽሩን መልሼ ዓይኑን በልጁ ሻሽ።
የዘጠኙን መርፌ ከአሥሩ ደም መቅዳት ጋር አንድ ላይ አደረግሁ፣
ይመኙሻልን «ባልዲውን አትጎትቺ» ብዬ ለመንሁ፤
ጫማዋን አውልቃ፣ በካልሲ፣ እንደ ሌባ አለፈች፣
በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ፣ ተኝቶ እንደሆን አየች።

ቻርቱ ላይ ግፊት አለ፣ ትኩሳት አለ፣ ሽንት በሚሊ ሊትር፤
እንቅልፍ የሚጻፍበት አላገኘሁም አንድ መስመር።
ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጫርሁ፦
«ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ አንድ። ተኛ። መሪውን ለቀቀ።»

ሲነጋ መጋረጃውን ገለጥሁ፤ ጦሳ ከጉሙ ወጣ።
«ዛሬ ምንድን ነው?» አለ።
«ማክሰኞ።»
«ኤዲያ! ሰኞ ገበያ አመለጠኝ!» ብሎ ተቆጣ።
ቁጣው እንዴት ደስ አለኝ።

ባጃጁ ሮቢት ጣለኝ። መስኮቴን በብርድ ልብስ ጋረድሁ፣
ጎኔን ሳሳርፍ የጎረቤቴ ብየዳ ቤት ብረት መቁረጥ ጀመረ።
«እባካችሁ ቀስ፣ ሰው ተኝቷል» ልላቸው ተነሥቼ
ጋቢዬን እየጎተትሁ እስከ በሩ ሄድሁ።
ቆምሁ።
«የቱ ሰው?» ቢሉኝስ?