ሰጋቱራ

አርባ ቀን ጠበቅኩት፣ ወኔን፣ በር ከፍቼ፣
እንደ ታክሲ ጠባቂ ደጅ ተጎልቼ።
ሂርማታ ሲደራ ሐሙስ በገበያ
እኔ ዘንድ የዛገ መሮና መጥረቢያ፤
ዋንዛው ጥግ ተጋድሞ እንደ በሽተኛ፣
«ነገ፣ ነገ» ስለው፣ እኩል ስንተኛ።

ጧት ነዚፋ መጣች፣ ባዶ ጆንያ ይዛ፣
የጅማ ክረምት ከሰሏን አርሶባት፣ ተክዛ፦
«ሰጋቱራ አታጣም፣ ለዛሬ ምድጃ?»
«አለ» አልኳት። ዋሸሁ። ለምን እንደሁ እንጃ።

ውሸቴን ልሞላ ዋንዛውን ጀመርኩት፤
በርጩማ አላሰብኩም፣ ፍቅፋቂ ነው ያልኩት።
መሮው እምቢ ብሎ ጣቴን ልጦ አለፈ፤
ከዚያ የዋንዛው ጠረን በቤቱ ተንሳፈፈ።
ጆንያው ጢም ሲል፣ አዌቱ ሲያጓራ፣
እግር ማብቀል ያዘ ያ የኔ ኪሳራ።

ማታ፣ ሳልጠራው፣ ወኔ ራሱ መጣ፣
ዝናብ አበስብሶት፣ ሰበብ እንኳን ሲያጣ።
«ቁጭ በል» አልኩት፣ በርጩማውን ጠቁሜ፣
«አንዱ እግር አጥሯል፣ ተጠንቀቅ» ደግሜ።

ነገ ቢሄድ ይሂድ፣ ጨርቅ ይሁን ጎዳና፤
ምስማር ላይ የነዚፋ ሌላ ጆንያ አለና።