ወዝወዝ

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ዊኒፔግ፣ በጥር፣
ከአንድ የዩክሬኖች ቤተ ክርስቲያን ሥር፣
የተቀቀለ ጎመን ከሚሸት ምድር ቤት
አርባ አራት ዓመቴን ይዤ መጣሁ፣ ለጁዶ ትምህርት።
ቀበቶው ነጭ ነው። ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት፣
ሁለት ጊዜ ወረደ፤ በሦስተኛው ተውኩት።

አሠልጣኟ ኦሪሲያ፣ ጡረታ የወጣች ፖስተኛ፣
ጉልበቷ በፋሻ የታሰረ፣ ድምጿ የዳኛ፣
ሰው መጣል ታሳየኛለች ብዬ ስጠብቅ፣
«የመጀመሪያው ወር» አለችኝ «መውደቅ ነው። መውደቅ።»

መውደቅ!
እኔ እኮ ያደግሁት
«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» በሚል ቤት ነው።
ሰው ፊት አይወደቅም፤ ቢወደቅም ጨለማ ተጠብቆ፣
የደማ ጉልበትን በቀሚስ ደብቆ።
እዚህ ግን በተራ ይወደቃል፣ በቁጥር፣
አገጭን ደረት ላይ ደፍቶ፣
ምንጣፉን በመዳፍ መትቶ፣
ጧ ያለለት ይመሰገናል።

የምትጥለኝ ሪዛሊን ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ፤ ጥርሷ ላይ ሽቦ።
ሳትጥለኝ በፊት ይቅርታ ትጠይቃለች፤
ይቅርታዋ ሳያልቅ እኔ በጀርባዬ
የጣሪያውን ቧንቧ እቆጥራለሁ።

ስለ ቤቴ ልናገር።
ከበሩ ሥር ከመስከረም ጀምሮ የተቆለለ ፖስታ አለ።
አንዳንዱ መስኮት አለው፤ በመስኮቱ ስሜ አጮልቆ ያየኛል።
ተራምጄው እገባለሁ፣ ተራምጄው እወጣለሁ።
ሶፋው የእኔን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል።
እዚህ አገር መኪና እንኳ ሌሊቱን
ግድግዳ ላይ በገመድ ተሰክታ ካልሞቀች
ጠዋት አትነሳም፤
ለእኔ የሚሆን ገመድ የት ይሸጣል?

«ትገፊያለሽ» ትለኛለች ኦሪሲያ፤ «አትግፊ።
ሰው ግንብ አይደለም፣ ይሄዳል ይመጣል።
ሲመጣ ጠብቂው፤ ሲመጣ አብረሽው እለፊ።»
እሺ አልኩ። ገፋሁ።
ቧንቧው አሥራ አንድ ነው።

አምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ሊነጋጋ ሲል፣
ወደ ዳቦ ፋብሪካው ልሄድ ስል
መኪናዬ በረዶ ውስጥ ሰመጠች።
ነዳጅ ረገጥኩ፤ ጮኸች፤
ጎማው ባለበት ዞረ፤ ጉድጓዱ ጠለቀ።
ደግሜ ረገጥኩ። ይበልጥ ጠለቀ።
እጄ መሪው ላይ እንዳለ ደረቀ።
እንባ እንኳ ለመምጣት ሰነፈ።

ያኔ ነው እግሬ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ያሰበው።
ትንሽ ወደፊት። ቆመች፤ ለቀቅኳት፤
ወደኋላ ተንሸራተተች፤ እስክትመለስ ጠበቅኳት፤
ስትመለስ፣ ልክ ስትመለስ፣ ነካ አደረግኳት።
ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወዝወዝ፣
እንደ እሽሩሩ፣ ያለ ጩኸት፣ ያለ መበርገግ፣ ወዝወዝ፣
አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር፣ ክንድ፣
ከዚያ መንገድ!
ብቻዬን ሳቅሁ፤ መስታወቱ በእስትንፋሴ ታወረ።

ማታ አንድ ፖስታ ከፈትኩ። አንድ ብቻ።
የመብራት ሒሳብ ነበር፤ ከፈራሁት በአሥራ ሁለት ዶላር ያንሳል።
ሁለተኛውን እጄ ሳያማክረኝ አነሳው።
ሦስተኛው ላይ አድራሻው በእጅ ተጽፏል።
ጽሑፉን አውቀዋለሁ።
ገለበጥኩት፤ ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፌ አቆምኩት።
ይኸኛው ለማክሰኞ ይደር።

ማክሰኞ ሪዛሊን አንገትጌዬን ይዛ መጣች።
መምጣቷን ሰማሁት፣ በእግሬ ጣት ሰማሁት፤
ለአንድ አፍታ ክብደቷ የእሷም የእኔም አልነበረም።
ጣልኳት ብል ደስ ባለኝ።
አልጣልኳትም፤
እግር ለእግር ተጠላልፈን አንድ ላይ ወደቅን፣
ምንጣፉ ጧ ጧ አለ፣
ቀበቶዬ እንደ ልማዱ ተፈታ።
«ይቅርታ» አልኳት፤ እሷ ሽቦዋን እያሳየች ሳቀች።

«ተነሺ» አለች ኦሪሲያ ከወዲያ ማዶ።
ለማንኛችን እንደሆነ አልታወቀም።
ሁለታችንም ተነሳን።